መስመር ካልተዘጋ ቀለም አይይዝም

ሰው ከስሕተቱ ይማራል ይባላል። እኛ ግን ከስሕተታችን ለመማር መካነ ሰላም ድረስ መሄድ አስፈልጎናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መምህር ዕድሜያቸውን በማስተማር ካሳለፉ በኋላ ጡረታ ወጡ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው የምስጋና ወረቀት ሊሰጧቸው ሲወስኑ፥ የወረቀቱን ጌጥ የማዘጋጀቱን ሥራ ለእኛ ተዉልን። እኛም በኮምፒዩተር መሣል ጥቂት እናውቃለንና «ይህማ ምን ችግር አለው!» ብለን ተቀበልን። በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ ላይ የሚታየውን ሐረግ፥ ማለት እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደውን የመስመር ጌጥ፥ በትልቅ ገጽ ላይ ሣልን። አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ቀለም ሰጠነው። በስክሪኑ ላይ ሲታይ ዓይን የሚማርክ ሆነ። ከዚያም ወደ ምስጋና ወረቀቱ መጠን አሳነስነውና፥ ጊዜ አልነበረንምና ሳንመረምር አሳተምነው።

በበዓሉ ቀን መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው ስማቸውን አነበቡ። ቀጥሎም ዓይናቸው ወደ ራስጌው ሄደና ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «ልጄ፥ ይህ ከላይ ያለው ጭቃ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እውነትም ጭቃ ነበር። ገጹ ሲያንስ መስመሮቹ አብረው አላነሱም ኖሮ፥ ሁሉም እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ የጠቈረ መቀነት መስሏል። ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ደብተር ሲያርሙ የኖሩት ሰው የእኛንም ሥራ በአንድ እይታ አረሙት።

መምህሩ የቦረና ተወላጅ ናቸውና የጡረታ ዘመናቸውን ሊያሳልፉ ወደ መካነ ሰላም ተመለሱ። እኛም ወረቀቱን አስተካክለን እቤታቸው ድረስ እንደምናመጣላቸው ቃል ገባን። ዛሬ ለአንባቢያችን የምናቀርበው ያንን ቃል ለመጠበቅ ስንደክም ስለ መስመር፥ ስለ መቍረጥና ስለ ቀለም የተማርነውን ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ዲፕሎማ፥ ማስታወቂያ፥ ዓርማ ወይም ካርታ እንዲያዘጋጁ የሚታዘዙ ወጣቶች ብዙዎች ናቸውና ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

በኮምፒዩተር ውስጥ መስመር ምንድን ነው?

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥዕል በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ፎቶግራፍ ያለው ነው፤ እርሱም ፒክስል ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነጥቦች የተሠራ ስለሆነ ሲያሳድጉት ነጥቦቹ እየጐሉ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ቬክተር የሚባለው ነው። በቬክተር ሥዕል ውስጥ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው ነጥቦቹን ሳይሆን ትእዛዙን ነው፤ «ከዚህ ቦታ ተነሥተህ፥ ይህን ያህል ጐብጠህ፥ እዚያ ድረስ» እንደማለት ነው። ስለዚህ የጣት ጥፍር ቢያህል ወይም የቤት ግድግዳ ቢሞላ ጥራቱ አይለወጥም።

የዚህ የጐባጣ መስመር ስሌት የተወለደው ከመኪና ፋብሪካ ነው። ፖል ደ ካስተልዦ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1959 በሲትሮኤን ፋብሪካ ስሌቱን ደረሰበት፤ ፋብሪካው ግን ምስጢር አድርጎ ያዘው። በኋላም ፒዬር ቤዚየ የተባለው የሬኖ መሐንዲስ በ1960ዎቹ ዓመታት በይፋ አሳወቀውና የመስመሩ ስም «ቤዚየ» ሆኖ ቀረ። አዶቤ ኢለስትሬተር የተባለው የሥዕል ሶፍትዌር በ1987፥ ኮረል ድሮው በ1989 ለገበያ ቀረቡ። ገንዘብ የማይከፈልበትና ማንም ሰው በነጻ ሊጠቀምበት የሚችለው ኢንክስኬፕ ደግሞ በ2003 ተጀመረ። ይህ የመጨረሻው ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ እንኳ የሚሠራ በመሆኑ ለተማሪ እጅግ ምቹ ነው።

ታዲያ በነዚህ ሶፍትዌሮች ሁሉ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። የሚሣለው መስመር በራሱ ውፍረት የለውም። የምናየው ውፍረትና ቀለም የመስመሩ ልብስ ነው፤ ይህም ስትሮክ ይባላል። መስመሩ የከበበው ውስጠኛ ክፍል የሚቀባው ደግሞ ፊል ይባላል። እኛን ያዋረደን ይህ ልብስ ነው። ሥዕሉ ሲያንስ ስትሮኩ አብሮ እንዲያንስ የሚያዝ ምርጫ በሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፤ እኛ ግን አጥፍተነው ኖሯል። ሰውነቱ ወደ ሕፃን መጠን ሲመለስ ካፖርቱ ግን የአባትየው እንደሆነ ቀረ። ልብሱ ልጁን ዋጠው።

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም

መካነ ሰላም ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱ በለጋምቦ ደጋ ላይ አቀስታን አልፎ ይሄዳል። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ገብሱና የበግ መንጋው ግን ዓይን ያጠግባል። ከከተማይቱ ወዲያ መሬቱ እየተሰነጠቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ይታያል። በቦረናና በሳይንት መካከል ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ አለ። ዛሬ በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከግቢዎቹ አንዱን ስለከፈተ ኮምፒዩተር የያዘ ወጣት በመንገድ ላይ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

ይህ አገር ለመስመር ጌጥ እንግዳ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ምድር፥ የነገሥታቱ አድባራት የተሠሩበት፥ መጻሕፍት የተጻፉበትና የተሣሉበት ነው። ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቀው ወንጌል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተጻፈ ሲሆን፥ ዘመናቸው ተለይቶ ከሚታወቁት ሥዕላዊ መጻሕፍታችን እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። በሌላ በኩል እጅግ የተዋቡት መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም በ1531 በጦርነት ተቃጠሉ። ሕንጻ ሲቃጠል በውስጡ ያለው መጽሐፍ አብሮ ይቃጠላል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሐረግም እንደዚሁ። የተረፈው ጥበብ የተረፈው አንዱ ጸሐፊ ከሌላው እየቀዳ ስላቆየው ነው። እንግዲህ ቀጂው ከተሳሳተ ጥበቡ ሁለተኛ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ያሰብነው ግን ኋላ ነው፤ በመንገድ ላይ ሳለን የምናስበው ስለ መምህሩ ጭቃ ብቻ ነበር።

«ይህ መስመር ነው እንጂ ቅርጽ አይደለም»

በመካነ ሰላም አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የማተሚያ ሱቅ አገኘን። በውስጧ የተቀመጠው ወጣት የሠርግ ጥሪ፥ የማኅተም ቅርጽና የሱቅ ማስታወቂያ ሲሠራ የሚውል ነው። ሥራችንን ከፍተን አሳየነው። ማውሱን ይዞ ጥቂት ካገላበጠ በኋላ ፈገግ አለና፥

«ጋሼ፥ ይህ እኮ መስመር ነው እንጂ ቅርጽ አይደለም» አለን።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«መስመር ውስጥ የለውም። ቅርጽ ግን ውስጥ አለው። ውስጥ የሌለውን ነገር ምኑን ይቀቡታል?»

ከዚያም ሥራውን ከመጀመሪያው ያዘው። በመጀመሪያ የመስመሩን ቅጅ አስቀመጠ። እንደምን ቢሉ፥ የሚቀጥለው እርምጃ ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያውን ቀጭን መስመር እንደ ልብ ማጕበጥና ማቅናት ስለማይቻል ነው። ሁለተኛም በኢንክስኬፕ «ስትሮክ ቱ ፓዝ»፥ በኢለስትሬተር «አውትላይን ስትሮክ» የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠ። በዚህ ጊዜ ወፍራሙ መስመር ወፍራም መስመር መሆኑ ቀረና ግራና ቀኝ ጠርዝ ያለው፥ ዙሪያውን የተዘጋ ጥብጣብ ሆነ። ልብሱ ሥጋ ሆነ ማለት ነው። ከእንግዲህ ቢያሳንሱትም ቢያሳድጉትም ሁሉም አብሮ ያንሳል፥ አብሮ ያድጋል። እኛ ያንን አንድ ትእዛዝ ብናውቅ ኖሮ መምህሩ ጭቃ አይቀበሉም ነበር።

ቀጥሎ መቍረጥ መጣ። እኛ እንዳዋቂ ሆነን «ይህንን እንኳ እኛ እንሠራዋለን» አልንና ማውሱን ተቀበልነው። ጥብጣቡን በተለያየ ቀለም ለመከፋፈል በላዩ አቋራጭ መስመር ሣልንና «ከት ፓዝ» የሚለውን ትእዛዝ መረጥን። ስሙ «ቍረጥ» ነውና ሌላ ምን ይመረጣል? ጥብጣቡ ተቈራረጠ። ነገር ግን ቀለሙ ሁሉ ጠፋ። መልሰን ቀለም ስንሰጠው ደግሞ በአንዳንዱ ቦታ ቀለሙ ከጥብጣቡ ወጥቶ በሜዳው ላይ እንደ ተወጠረ ጨርቅ ሆነ።

ወጣቱ ሳይስቅብን ምክንያቱን አስረዳን። «ከት ፓዝ» የሚቈርጠው ጠርዙን ብቻ ነው። እንጀራውን መቍረጥ ሲገባው ዙሪያውን ብቻ ነክቶ ይሄዳል። የሚተርፉት ጫፋቸው ክፍት የሆነ መስመሮች ናቸው። ክፍት መስመር ቀለም ሲሰጠው ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው ጫፍ በሐሳቡ አንድ ቀጥ ያለ ክር ይወጥርና በዚያ ውስጥ ይቀባል፤ ስለዚህ ነው ቀለሙ ባልጠበቅነው ቦታ የተገኘው። ለእኛ የሚያስፈልገን «ዲቪዥን» የሚባለው ትእዛዝ ነበር። በዚህ ትእዛዝ ከላይ የተቀመጠው መስመር ቢላዋ፥ ከሥር የተቀመጠው ቅርጽ እንጀራ ይሆናል። የሚመረጡትም ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንድ ቢላዋና አንድ እንጀራ። ቢላዋው ከቈረጠ በኋላ ይጠፋል፤ እንጀራው ግን እያንዳንዱ ቍራሽ ዙሪያውን እንደተዘጋ የቀድሞ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አንዱን አረንጓዴ፥ አንዱን ቢጫ፥ አንዱን ቀይ ማድረግ የልጅ ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር አሳየን። ሁለት መስመሮች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ለዓይን የተዘጉ ይመስላሉ። በእውነቱ ግን ኖድ የሚባሉት የጫፍ ነጥቦቻቸው አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠው እንጂ ተጋብተው አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ሁሉ ባልና ሚስት አይደሉም! ኖዶቹን መርጦ «ጆይን» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። በባልዲ ምልክት የሚታወቀው የቀለም ማፍሰሻም ጠባዩ ይኸው ነው። ክፍተት ካገኘ ቀለሙ የመስኖ ቦይ እንደሰበረ ውኃ ወደ ጎረቤት ይፈሳል። ከዚህም በላይ በኢንክስኬፕ ያለው ባልዲ የሚያየው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን በጣም አቅርበው ሲያፈሱት ጠርዙ ይጠራል፥ አርቀው ሲያፈሱት ይሻክራል። ለፈጣን ሥራ ይረዳል፤ ለሐረግ ግን ማጭድ ለመርፌ ሥራ እንደማለት ነው።

መሪጌታው ያዩት ስሕተት

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። ሽማግሌው ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ በመቃ ብርዕ መጽሐፍ ሲጽፉ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ወጣቱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ይቀመጡ የኔታ» አላቸውና ሥራውን አሳያቸው። ጥብጣቦቹ የጠሩ፥ ቀለሞቹም የተለያዩ ነበሩ። እኛ ምስጋና እየጠበቅን ነበር።

መሪጌታው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ጣታቸውን በአንዱ ጥብጣብ ላይ ቀስ እያደረጉ ካስኬዱ በኋላ፥ «ይህ ሐረግ አይደለም፤ የተጋደመ ገመድ ነው» አሉ።

ዝም ብለን ተያየን።

«ሐረግ በዱር አላያችሁም? በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ካለፈ በሚቀጥለው ሥር ይገባል። እንደዚያ ሆኖ ነው የሚይዘው። ይህ የእናንተው አረንጓዴ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ይህ ቀዩ ሁልጊዜ ከሥር ነው። ቢስቡት ይወጣል። ምንም አልያዘም።»

እውነት ነበር። በቬክተር ሥዕል ውስጥ እያንዳንዱ ቅርጽ እንደ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው። አረንጓዴው ጥብጣብ ከላይ ከተቀመጠ በሁሉም መገናኛ ላይ ከላይ ነው። ማሽኑ አንድ ቅርጽ እዚህ ከላይ፥ እዚያ ደግሞ ከሥር እንዲሆን በራሱ አያስብም። ይህን የሚያስበው ሠሪው ነው። እኛም ሆንን ያ ብልህ ወጣት ዓይናችን በቀለሙ ላይ ስለነበረ ይህን አላየንም።

ወጣቱ ግን ወዲያው መላውን አገኘ። ቀዩ ከላይ ማለፍ በሚገባው መገናኛ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሣለ። የቀዩን ጥብጣብ ቅጅ ወስዶ ከዚያች አራት ማዕዘን ጋር መረጣቸውና «ኢንተርሴክሽን» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ። ሁለቱ የሚጋሩት ክፍል ብቻ፥ ማለት የቀዩ ጥብጣብ አንድ ቍራሽ፥ ቀረ። ያንን ቍራሽ ወደ ላይ አወጣውና በአረንጓዴው ላይ አስቀመጠው። እነሆ ቀዩ በአረንጓዴው ላይ አለፈ። አንዱን መገናኛ አልፎ በሚቀጥለው እንደገና እንደዚሁ አደረገ። መሪጌታው «ላይ፥ ሥር፥ ላይ፥ ሥር» እያሉ ይቈጥሩለት ነበር።

እኛም አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው። «የኔታ፥ እንዲህ እየተፈራረቀ ሲሄድ መጨረሻ ላይ ሳይገጥም ቢቀርስ?»

«በደንብ ከተሣለ ይገጥማል» አሉን። «እስከ ዛሬ ሳይገጥም የቀረ አላየሁም። ያልገጠመ ከመሰለህ አንተ ዘለህ ቈጥረሃል።»

ነገሩ በሒሳብም የተረጋገጠ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የፈለገውን ያህል ተጠላልፎ ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ መስመር፥ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፥ ላይና ሥር እየተፈራረቀ ያለ አንዳች ስሕተት ሊጠናቀቅ ይችላል። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን በጥናት ሲያረጋግጡ ጸሐፊዎቻችን በጣታቸው ቈጥረው ደርሰውበታል።

መሪጌታው ከመሄዳቸው በፊት ሌላም ነገር ነገሩን። «እኛ ብራናውን በወስፌ ሳናሰምር ብርዕ አናነሣም። በየት እንደሚሄድ ያላወቀ እጅ ቀለም ያባክናል» አሉ። ለኮምፒዩተርም ምክሩ ይኸው ነው። ቀለም ከመስጠት በፊት ቀጭኑን መስመር ብቻ ሥሎ መገናኛዎቹን በሙሉ «ላይ» «ሥር» እያሉ ምልክት ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ጥቁሩ መስመር ለምን መጨረሻ ይመጣል?

አሁን ቀለሙ ቀረ። ሁሉም ቍራሽ ተዘግቷል፥ ላይና ሥሩም ተስተካክሏል። ሆኖም በስክሪኑ ላይ በአረንጓዴውና በቢጫው መካከል፥ በቀዩና በቢጫው መካከል፥ የፀጉር ያህል ቀጭን ነጭ መስመር ይታይ ነበር። ሁለት ቅርጾች ጠርዝ ለጠርዝ ሲነካኩ ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ጠርዝ ለማለስለስ ሲል ቀለሙን ያሳሳዋል፤ በሳሳው በኩል ወረቀቱ ብቅ ይላል። በማተሚያ መሣሪያም ላይ ቀለሞቹ ጥቂት ከተዛነፉ ነጩ ክፍተት ይጐላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ፈካ ያለውን ቀለም ጥቂት አስፍቶ በጠቈረው ሥር እንዲገባ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ግን የጥንቱ ሰዎች መፍትሔ ነው። የብራና ሠዓሊ መጀመሪያ ቅርጹን በቀጭን ይነድፋል፤ ቀጥሎ ቀለሙን ይሞላል፤ በመጨረሻም ጠርዙን በጥቁር ደግሞ ይከበዋል። ያ ጥቁር መስመር ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ቀለሞች የተገናኙበትን ስፌት ይሸፍናል። ወጣቱም እንዲሁ አደረገ። አስቀድሞ ያስቀመጠውን የመስመር ቅጅ አምጥቶ የጥብጣቦቹን ጠርዝ በጥቁር ከበበ። ነጩ ፀጉር ጠፋ።

አዲስ አበባ የሚኖር አንባቢያችን ይህንኑ ብልሃት በዓይኑ ሊያየው ይችላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የክቡር የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት ሥራ አለ፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። ከሩቅ ሲያዩት የአፍሪካ ሕዝብ ትግልና ተስፋ ነው። ከቅርብ ሲያዩት ግን የመስተዋት ቍራጮች ናቸው። አንዱ ቍራጭ አንድ ቀለም ነው፤ ቍራጩ ካልተቈረጠ ቀለሙ አይለወጥም፤ በመካከል ያለው ጥቁር መስመር ቍራጮቹን ያያይዛል፥ ስፌታቸውንም ይሸፍናል። ሠዓሊው ከኮምፒዩተር በፊት በመስተዋት የሠሩትን እኛ ዛሬ በማውስ እንሠራለን። ሕጉ አንድ ነው።

በጥብጣቦቹ መካከል የቀሩት ባዶ ስፍራዎች ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አሳዩን። እርስ በርሱ የሚቋረጥ የተዘጋ መስመር የከፋፈለውን ገጽ ሁለት ቀለም ብቻ ይበቃዋል፤ ጠርዝ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ዓይነት ቀለም ሳይኖራቸው ሁሉም ይሞላል። ዘዴውም መቍጠር ነው። ከአንዱ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ውጭ ቀጥታ ሲሄዱ የሚያቋርጡት መስመር ጎዶሎ ቍጥር ከሆነ አንዱን ቀለም፥ ሙሉ ቍጥር ከሆነ ሌላውን መስጠት ነው። ኮምፒዩተሩም ራሱን የሚያቋርጥ ቅርጽ ሲቀባ «ኢቨን ኦድ» በሚባለው ደንብ የሚቈጥረው እንዲህ ነው። ጀማሪዎች «ሥዕሌ በመካከሉ ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው የሚጨነቁበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ደንብ ነው፤ «ነን ዚሮ» ወደሚባለው ሌላው ደንብ ሲለውጡት ባዶው አብዛኛውን ጊዜ ይሞላል።

ከሐረግ ወደ መሥሪያ ቤት

«ሐረግ የመሣል ሥራ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ወጣት ባለሥልጣን ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ቦረናን፥ ወግዲን፥ ከለላን፥ ለጋምቦንና አማራ ሳይንትን የሚያሳይ ካርታ እንዲያዘጋጅ ቢታዘዝ የሚገጥመው ይኸው ነገር ነው። የወረዳው ወሰን በአንድ ቦታ እንኳ ካልተዘጋ የአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይፈሳል። ሁለት ወረዳዎች የሚጋሩት ወሰን ሁለት ጊዜ ከተሣለ በመካከሉ የማንም ያልሆነ ነጭ መሬት ይታያል። በወረቀት ላይ የተፈጠረ ነጭ መሬት ደግሞ በስብሰባ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ የአካባቢውን ገጽ በሙሉ አንድ ቅርጽ አድርጎ በወሰኖቹ መስመር መቈራረጥ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቶቹ በልክ ይገጥማሉ። ለካርታው ስንት ቀለም እንደሚበቃም ዓለም ያውቃል። ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን በ1976 በኮምፒዩተር ረዳትነት እንዳረጋገጡት፥ እያንዳንዱ ክፍል ያልተበጣጠሰ ከሆነ፥ አራት ቀለም ለማንኛውም ካርታ ይበቃል።

የሐረጉ ነገር ግን ከዚህ ያለፈ ነው። በብዙ ዲፕሎማና የጥሪ ወረቀት ላይ የምናየው ሐረግ ከፎቶግራፍ ተቈርጦ የተለጠፈ፥ የደበዘዘ፥ መገናኛው የተሳሳተ ነው። የሚመለከተው ሰው «ያምራል» ብሎ ያልፋል፤ የሚቀጥለው ሠሪ ደግሞ ከዚያው ስሕተት ይቀዳል። እንዲህ እያለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትክክለኛውን የሚያውቅ አይገኝም። እንግዲህ እያንዳንዱ ወጣት በእጁ ያለውን መሣሪያ ይዞ በአቅራቢያው ካሉት አረጋውያን ጸሐፊዎች ዘንድ ቀርቦ አንድ ሐረግ ብቻ እንኳ በትክክል ቈጥሮ ቢሥል፥ ሥራውን ከነቀጭኑ መስመር ቢያስቀምጥ፥ ለሚቀጥለው ሠሪ ታማኝ ቅጅ አቆየለት ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ይቈርጣል፥ ይቀባልም፤ የትኛው ከላይ፥ የትኛው ከሥር እንደሚሆን ግን ማወቅ የሰው ድርሻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱ ታተመ። ወጣቱ የሠራበትን ዋጋ ብንሰጠው «ለመምህር ነው» ብሎ ግማሹን መለሰልን። ወደ መምህሩ ቤት ወሰድነው። ቡና ተፈልቶ ነበር። መምህሩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና እንደ በፊቱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። በዚህ ጊዜ ግን ስማቸውን አላነበቡም። ጣታቸውን በቀዩ ጥብጣብ መጀመሪያ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ተከተሉት። ላይ፥ ሥር፥ ላይ፥ ሥር። ጣታቸው ወረቀቱን አቋርጦ፥ በጠርዙ ዞሮ፥ ከተነሣበት ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«አሁን ገጠመ» አሉን፤ ከዚያም ስማቸውን ማንበብ ጀመሩ።